ቃሉን ራሱን አንብቡት

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ይቆጩኛል። ሥራዬ ኖት ማስገልበጥ ነበር። ሰሌዳውን በዓመተ ምሕረት እሞላለሁ፣ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳዋል።

አንድ ቀን ስለ ውጫሌ ውል ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንቀጽ 17 ላይ የተጻፈው ቃል ራሱ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ የማውቀው መጽሐፉ ስለ ውሉ የሚለውን ነው እንጂ ውሉን አይደለም። «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አስቀመጥኩት። ምን ያህል እንዳፈርኩ የገባኝ ቤቴ ስገባ ነው።

በሳምንቱ ፈልጌ አገኘሁት። ውሉ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው በአማርኛና በጣሊያንኛ ነው። አማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣሊያ ግን የራሷን ቅጂ ይዛ «ግዴታ ነው» አለች፤ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላም ለአውሮፓ አሳወቀች። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። ጦርነቱ በአንድ ግስ ብቻ ተነሣ አልልም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። ግን እዩት፣ አንዲት «ይቻላቸዋል» ምን ያህል እንደከበደች።

ሥነ ዜጋም ያው ነው። ሦስቱን የመንግሥት አካላት መዘርዘር ለማንም አይከብድም። ሕገ መንግሥት ስታነቡ መብት የተዘረዘረበትን አንብባችሁ አትቁሙ፤ «ነገር ግን» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ አስከብባት ነበር።

በጣም የምወደው ክፍለ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የጀርመን ሕገ መንግሥት ነበር። አንቀጽ 48 ጸጥታ ሲናጋ ፕሬዚዳንቱ አንዳንድ መብቶችን ለጊዜው እንዲያግድ ይፈቅዳል። ልጓምም ነበረው፤ ምክር ቤቱ ይሻር ካለ ይሻራል። እ.ኤ.አ. በ1933 የፓርላማው ሕንፃ በተቃጠለ ማግስት፣ በዚሁ አንቀጽ የመናገር፣ የመሰብሰብና የፕሬስ ነጻነት «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ» ታገደ። ሌላው ትእዛዝ ሳይመጣ የሂትለር አገዛዝ እስኪወድቅ 12 ዓመት ሄደ። እገዳው ከወጣ ወር ሳይሞላ ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ ለሂትለር መንግሥት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሰጠ፤ 444 ደግፈው፣ 94 ተቃውመው።

እዚህ ስደርስ ክፍሉ ይተራመሳል። «ታዲያ ሁሉም በሕግ ሆነ ማለት ነው?» ይላል አንዱ። «የኮሚኒስት ተወካዮቹ ታስረውና ተሰደው፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ትላለች ሌላዋ። እኔ መልስ አልሰጥም፣ ደወሉ እስኪደወል ይጨቃጨቃሉ። ኖት ያስገለበጥኳቸው ሁሉ ቢደመሩ ያን ጭቅጭቅ አያክሉም።

እናንተም ስልካችሁ ላይ «ሕጉ እንዲህ ይላል» የሚል ሲመጣላችሁ፣ ከማጋራታችሁ በፊት የቱ አንቀጽ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ አንቀጹን ከፍታችሁ እዩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የዚያን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ውሉን ካገኘሁ በኋላ ክፍል ፊት ይቅርታ ጠይቄው የአማርኛውን ቃል አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጣሊያንኛውንስ ራስዎ አንብበውታል?» አለኝ።

«አላነበብኩም፣ ጣሊያንኛ አልችልም» አልኩት። በዚህኛው ግን አላፈርኩም።