ጥያቄና መልስ፦ የምንጠጣውን ውሃ ማን ይጠብቅልን?

ባለፈው ስለ አዋሽ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

የቧንቧው ውሃ አንዳንድ ቀን ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ምን እናድርግ?

አፉ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ቀድታችሁ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ጥቂት ሰዓት አቆዩት። ሽታው ይለቃል።

አንዲት እናት ከወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ እያፈሉ ለልጆቻቸው እንደሚሰጡ፣ የትልቁ ልጅ ጥርስ ግን ከመበለዝ እንዳልዳነ ጽፈውልኛል።

እናቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበረታል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ይህን ነገር የሚያመጣው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚበልዘው ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ባለው ዕድሜ ስለሆነ ትንንሾቹን ማትረፍ ይቻላል። ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን ከተጣራው ቧንቧ ያምጡ፤ የጉድጓዱ ለልብስ ይሁን። ለትልቁ ልጅ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ። ጀርባው አልታጠፍ ያለ፣ መገጣጠሚያው የሚያመው አዋቂ በቤቱ ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ፍሎራይድ አጥንትም ውስጥ ይገባል።

መኪናዬን ወንዝ ዳር ባጥብ ምን አለበት?

አይጠቡ። ዘይቱ ታች ካለው ሰው ጀሪካን ይገባል።

ከቦኩ የጻፉልን አባወራ፣ ጎረቤታቸው አጥር ሥር ሽንት ቤት መቆፈሩን ነግረውን፣ የጉድጓዳቸው ውሃ ግን ጥርት ያለ ስለሆነ ስጋት እንደሌላቸው ይገልጻሉ።

ስጋት ይኑርዎት እንጂ! ጀርም በዓይን አይታይም። በሽንት ቤትና በጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር የሚመከረው በከንቱ አይደለም። ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ማንም ሳያፈላ እንዳይጠጣው። ጎረቤትዎን በሽማግሌ ያናግሩ፣ እምቢ ካለ ወደ ቀበሌ ይሂዱ።

አንድ የአዳማ መምህር ደግሞ፣ “ጨፌው (የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት) የመጠጥ ውሃችንን ምንጭ የሚጠብቅ ሕግ ለምን አያወጣም? አሁንማ ሕግ የለም” ይላሉ።

ሕግ የለም የሚለውን አልቀበልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ጥቅም ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ ቆሻሻን ወደ ውሃ መልቀቅን ይከለክላል፤ የውሃ ዳርቻ ተከልሎ ዛፍ መቁረጥና ቤት መሥራት እንዲታገድም ሥልጣን ይሰጣል።

ጨፌው ሕግ ላለማውጣቱ የሚቀርበው ምክንያት “አዋሽ የፌዴራል ነው” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ክልል አቋራጭ ወንዝን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ጨፌ ኦሮሚያ ከአዲስ አበባ በአቃቂ የሚወርደውን ፍሳሽ በራሱ ሕግ ሊያስቆም አይችልም። ነገር ግን የቆዳ ፋብሪካዎቹ ያሉባት ሞጆ የት ነው ያለችው? የአዋሽ ውሃ የሚጠራቀምበት የቆቃ ግድብስ? ሁለቱም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው፤ አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ ያደርጋል። ከውሃ መሳቢያው በላይ ያለው ዳርቻ በካርታ ተለክቶ፣ ድንበሩ መሬት ላይ በድንጋይ ተተክሎ፣ በተከለለው ቦታ የማይፈቀደው ሁሉ ተዘርዝሮ በክልሉ ደንብ ቢወጣ ማን ይከለክላል?

ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት ክሮሚየም ይጠቀማሉ። የሞጆ ወንዝ የእነርሱን ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ እኛ አዳማዎች የምንጠጣው ከቆቃ በታች ከአዋሽ የሚሳበውን ነው። ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ አሉም የተባለው ኬሚካል ደለሉን ያዘቅጣል፣ አሸዋው ያጠልላል፣ ክሎሪኑ ጀርሙን ይገድላል። በውሃ የሟሟን ኬሚካል ሁሉ ለማውጣት ግን የተሠራ አይደለም። ስለዚህ መከላከል ያለበት ከላይ ነው፤ የምጮኸውም ለዚህ ነው።

መምህር፣ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ያለውን ይጠቀሙበት። የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ስለ ብክለት ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቦታውን፣ ቀኑንና ያዩትን ይጻፉ፤ ፎቶ ያያይዙ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርጉ በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ሳያስመቱ እንዳይወጡ። ቀኑ የሚቆጠረው በእርሱ ነው። ክስ ላይ ከተደረሰ ጠበቃ ያማክሩ።

ሮቶ በስንት ጊዜ ይታጠብ?

ቢያንስ በየስድስት ወሩ። የታችኛውን መውጫ ከፍታችሁ ቡናማው ዝቃጭ እስኪያልቅ አፍስሱ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጋችሁ በክሎሪን ውሃ አለቅልቁ፤ ክዳኑ መግጠሙንም እዩ።