የቴስት ዳታ ጣጣ፦ ከድሬ ዴቨሎፐሮች ጋር ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ተጠያቂ እኔ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ ድሬዳዋ ተቀምጬ ለጅምላ ነጋዴዎች የስቶክና የዱቤ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ እንጀራዬ ፓይተን፣ ጃንጎ የሚባለው የፓይተን የድረ ገጽ ማዕቀፍና ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ነው። ርዕሳችን ዳታቤዝ የሚነኩ ቴስቶች (ሶፍትዌሩ በትክክል መሥራቱን የሚያጣሩ ትንንሽ ኮዶች) እና የምንመግባቸው ዳታ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እርስዎ» ብላችሁ ጀምራችኋል። ተዉት፣ ድሬ ነው ያለነው።

ጥያቄ፦ አቦ ከመሠረቱ ጀምርልኝ። አንድ ቴስት ለመጻፍ መጀመሪያ ቅርንጫፍ፣ ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ደረሰኝ እያልኩ ሃያ መስመር ዳታ አስገባለሁ። ቴስቱ ራሱ ሁለት መስመር ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው?

ብዙ ሰው እንዲህ ይጀምርና ሦስት ወር ሳይሞላው ቴስት መጻፍ ይተዋል። የሚያደክመው ቴስቱ ሳይሆን ድግሱ ነው።

«ደንበኛ ፍጠርልኝ» የሚል አንድ ፈንክሽን ጻፍና ሁሉም ቴስት እሱን ይጥራ። ምንም ካልነገርከው ዳታቤዙ የሚቀበለውን ሙሉ ደንበኛ ይሠራል፤ ቅርንጫፍ ካስፈለገው ቅርንጫፉንም ራሱ ይፈጥራል። አንተ የምትነግረው ለዚያ ቴስት የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ይህ ፋክተሪ ይባላል። ለፓይተን ፋክተሪ ቦይ የሚባል ላይብረሪ አለ፤ የፒኤችፒው ማዕቀፍ ላራቬል ደግሞ የራሱን ይዞ ይመጣል። ግን በእጅ መጻፉም ከባድ አይደለም፤ እኔ ለአነስተኛ ፕሮጀክት በእጄ ነው የምጽፈው።

ፓይተን 3 ለስም የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል እንዲህ ላሳያችሁ፦

ደ = ደንበኛ_ፍጠር(የዱቤ_ጣሪያ=5000)
ዱቤ_ሽጥ(ደ, 4900)  # ያልፋል
ዱቤ_ሽጥ(ደ, 101)  # መከልከል አለበት

የደንበኛው ስም የለም፣ ስልኩ የለም፣ ሱቁ ቀፊራ ይሁን ሳቢያን አልተጻፈም። እዚህ ቴስት ውስጥ ቁም ነገሩ 5000 ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን የሚከፍት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቴስቱ የሚያጣራውን ቁጥር ፋክተሪው በራሱ እንዲሞላላችሁ አትተዉት። የዱቤ ጣሪያ ለመፈተን ተነስታችሁ ጣሪያውን ሳትጽፉ ብታልፉና ነገ አንድ ሰው ፋክተሪው ውስጥ ያለውን ቁጥር ቢቀይረው፣ ቴስቱ ለምን እንደወደቀ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አንድ ትልቅ የጄሰን ፊክስቸር ፋይል (ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ የቴስት ዳታ) አለ። ሁሉም ቴስት እሱን ይጭናል። ያው ተደጋግሞ የሚሠራ ዳታ አይደለም እንዴ?

ተደጋግሞስ ይሠራል፤ ግን የጋራ ድስት ነው፣ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። የአንዱ ቴስት «ሦስት ባለ ዕዳ አሉ» ብሎ ይቆጥራል፤ ሌላው ለራሱ ጉዳይ አራተኛ ባለ ዕዳ ፋይሉ ላይ ይጨምራል፤ ያልተነካው ቴስት ይወድቃል። ስለዚህ ፊክስቸርን ለማይነቃነቅ ነገር ተዉት፦ የክልልና የከተማ አስተዳደር ዝርዝር፣ የመለኪያ ዓይነቶች፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ። ሰው፣ ሽያጭና ዕዳ ከፋክተሪ ይምጣ።

ጥያቄ፦ የደንበኛውን እውነተኛ ዳታቤዝ ኮፒ አድርጌ ብሞክርበት ምን ችግር አለው? ከእሱ የበለጠ እውነተኛ ዳታ የለም።

ይህን ከእኔ በላይ የሚመልስልህ የለም፤ አድርጌዋለሁ። የአንድ ነጋዴን ዳታ ኮፒ አድርጌ ላፕቶፔ ላይ ቴስት አስነሳሁ። ኤስኤምኤስ የሚልከው ኮድ እንዳልተዘጋ ያወቅኩት ነጋዴው ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲደውልልኝ ነው። ዕዳቸውን ጨርሰው የከፈሉ ሰዎች «ዱቤዎ ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። አንደኛው እንዲያውም ደረሰኙን ይዞ ሱቁ ድረስ ሄዷል። ይቅርታ ስጠይቅ ሰነበትኩ።

ነውሩ ሳያንስ ሕጉም አለ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር በየላፕቶፑ ይዞ መዞር እንደ ድሮው ቀላል ነገር አይደለም። ከእውነተኛው ዳታ የምትፈልገው ቅርጹን ከሆነ ቅርጹን ብቻ ውሰድ፦ ስልክ የሌለው ደንበኛ አለ? ዋጋው ዜሮ የሆነ ዕቃስ? እያንዳንዷን እንግዳ ነገር አንድ ትንሽ ፋክተሪ አድርጋት።

ጥያቄ፦ ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ ዳታውን በዲሊት አጸዳለሁ። አንዳንዴ ግን ይቀራል።

ቴስቱ መሀል ላይ ከተሰበረ ዲሊቱ ጋ ስለማይደርስ ነው። ቴስቱን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች ጥቅል) ውስጥ ክፈተውና ሲያልቅ ሮልባክ አድርገው፣ ማለትም ሁሉንም ሰርዘው። የጃንጎ ቴስትኬዝ ይህን በራሱ ይሠራል። ሁለት ወጥመድ አለ። ፖስትግሬስ ሮልባክ ሲያደርግ የመለያ ቁጥር ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ «የመጀመሪያው ደንበኛ መለያው 1 ነው» ብሎ የሚያስብ ቴስት ዛሬ ያልፋል፣ ነገ ይወድቃል። መለያውን ፋክተሪው ከመለሰላችሁ ደንበኛ ላይ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ቴብል የሚፈጥር ወይም የሚቀይር ትእዛዝ መሀል ከገባ ትራንዛክሽኑ ሳይነግርህ ኮሚት ይሆናል፣ ማለትም ይጸናል።

ጥያቄ፦ ለቴስት ኤስኪውላይት የሚባለውን ቀላል ዳታቤዝ፣ ለሥራ ፖስትግሬስ ብንጠቀምስ?

አልመክርም። ኤስኪውላይት ሃያ ፊደል ብለህ በገደብከው ቦታ ሁለት መቶ ፊደል ብታስገባ ዝም ይላል፤ ፎሪን ኪውንም (አንዱ ቴብል የሌላውን መዝገብ የሚጠቁምበትን ማያያዣ) ካላዘዝከው አያስከብርም። ቴስቱ አረንጓዴ ሆኖ ደንበኛው ጋ ይፈነዳል። ፖስትግሬስን በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስኬደው መሣሪያ) አስነሳው።

ጥያቄ፦ ፌከር በሚባለው ላይብረሪ ስሞችን በዘፈቀደ እያመጣሁ ነው። ጥሩ ነው?

ሲዱን፣ ማለትም የዘፈቀደውን መነሻ፣ ቁጥር ሰጥተሽ ካሰርሽው ይሁን፤ ካልሆነ ትናንት የወደቀውን ቴስት ዛሬ መድገም አትችዪም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የሚያመጣልሽ ስም የኛን ስም አይመስልም። የኛ ደንበኛ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። «ኃይሉ» አንዱ ካሸር ጋ «ሀይሉ» ይሆናል፣ ሌላው ጋ «ሐይሉ»፤ ሲፈለግ ሦስቱም አንድ ሰው መሆን አለባቸው። ደግሞ ድሬ ነው፤ ያው ሱቅ በአማርኛ፣ በቁቤና በሶማሊኛ የተጻፈ ስም ይመዘግባል። በቁቤ ሁዻ የሚሉት ጭረት ኮምፒዩተር ላይ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) ነጠላ ጥቅስ ሆኖ ነው የሚጻፈው። ስሙን ከኤስኪውኤሉ ጋር በመደመር የሚያያይዝ አሮጌ ኮድ ካለሽ፣ ሁዻ ያለው አንድ ስም ይሰብረዋል። የደህንነት ቀዳዳም እዚያው ነው። በዘፈቀደ ከሚመጡ ሺህ ስሞች በእጅሽ የመረጥሻቸው ስምንት ስሞች ይበልጣሉ።

ጥያቄ፦ የኛ ወርኃዊ ሪፖርት ቴስት ዓመቱን ሙሉ ያልፍና ጳጉሜ ላይ ይወድቃል። ሳቅ እንዳትስቅብኝ።

አልስቅም፣ ደርሶብኛል። ዳታህ «ከዛሬ ሠላሳ ቀን በፊት» እያለ ነው የሚሞላው አይደል? ቴስት የዛሬን ቀን ማወቅ የለበትም። ቀኑን ለፋክተሪው ራስህ ስጠው፦ አንድ ሽያጭ ነሐሴ 30፣ አንዱ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 (ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች)፣ አንዱ መስከረም 1። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚቆጥር ከሆነ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተሸጠ ዕቃ በትናንትናው ቀን ይመዘገባል። ለሊት የሚጭኑ የጭነት መኪኖች ላሉት ነጋዴ ይህ የየቀኑ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ቴስት ስናስነሳ ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን ቴብሎች የሚፈጥረውና የሚቀይረው ኮድ) ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጃል።

ፖስትግሬስ ከሆነ አንዴ ማይግሬት አድርገህ ቴምፕሌት ዳታቤዝ አስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ ለየቴስት ዙሩ ከእሱ ኮፒ ፍጠር። ኮፒ ሲደረግ ቴምፕሌቱ ላይ ሌላ ኮኔክሽን ክፍት መሆን የለበትም። ማይግሬሽን ሲጨመር ቴምፕሌቱን ማደስ አትርሳ።

ጥያቄ፦ አራት መቶ አሮጌ ቴስት አለን። ሁሉንም እንደገና እንጻፍ?

ኧረ በፍጹም። ደንበኛና ሽያጭ የሚፈጥሩ ሁለት ፋክተሪዎች ብቻ ጻፉ። አዲስ ቴስት በእነሱ ይጻፍ፤ አሮጌው ሲወድቅና እጃችሁን ሲያስነካችሁ ያኔ ቀይሩት። የማይወድቀውን አትንኩት። ሦስተኛውን ፋክተሪ የምትጽፉት አንድ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ሃያ መስመር ኮፒ ሲያደርግ ስታዩት ነው።