ቢፒደብሊው34 ለኤክስሬይ ስፔክትረም ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ፈትኚው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለኤክስሬይ ስፔክትረም (ጨረሩን በጉልበቱ ለይቶ ለመቁጠር) አምስት ቢፒደብሊው34 ፎቶዳዮድ (ብርሃን ወይም ጨረር ሲመታው ትንሽ ጅረት የሚሰጥ ሲሊከን) ገዝተሽ፣ አምፕሊፋየሩን ራስሽ ሠርተሽ፣ ላብራቶሪ ካለው አሜሪሲየም 241 የጨረር ምንጭ ፊት ስታስቀምጪው ኦሲሎስኮፑ ላይ የሚታየው ኖይዝ ብቻ ነው፤ ስታጨበጭቢ ግን ፐልስ ይመጣል። «ችግሩ ዳዮዱ ነው ወይስ ሰርኪዩቱ?» ነው ያልሽው። በዚሁ ዳዮድ ብዙ ስለለፋሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጭብጨባውን የሚሰማው ብርሃን እንዳይገባ የጠቀለልሽበት ፎይል ነው። በፎይሉና በዳዮዱ መካከል ቮልቴጅ ስላለ፣ ፎይሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ይለዋወጣል፤ ማይክሮፎን የሚሠራውም እንዲሁ ነው። እኔ ጨረር ቆጠርኩ ብዬ ሁለት ሳምንት የያዝኩት መዝገብ አጠገቤ ያለው ኮምፒውተር ማራገቢያ ሲጠፋ አብሮ ጸጥ አለ። ፎይሉን ወፍራም የብረት ሳጥን ላይ ወጥረሽ በማጣበቂያ ለጥፊው፣ ዳዮዱን አይንካው፣ ኃይሉም ከባትሪ ይሁን። ከዚያ የክፍሉን መብራት አብሪና አጥፊ። ኖይዙ ከተለወጠ ብርሃን እየገባ ነው፤ በዳዮዱ እግሮች በኩልም ይገባል።

አሁን ምንጩን ወደ ማስቀመጫው መልሺና ዳዮዶቹን በዚያው ጨለማ ሳጥን ውስጥ፣ ያለ አምፕሊፋየሩ፣ ብቻቸውን ፈትኚ። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ አያይዘሽ 18 ቮልት በሪቨርስ (በተቃራኒ አቅጣጫ) ስጪው፣ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርገሽ በሲሪስ አስገቢው። የአብዛኛው ዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋኦም ስለሆነ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊቮልት 1 ናኖአምፔር ሊኬጅ (በጨለማም ሾልኮ የሚያልፍ ጅረት) ነው። ጥሩው ዳዮድ ጥቂት ናኖአምፔር ያሳይሻል። ሳጥኑን በእጅሽ አቅፈሽ ጥቂት ደቂቃ ቆዪና ቁጥሩ ሲወጣ ተመልከቺ፤ የእጅ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ አምስቱንም በአንድ የሙቀት መጠን ለኪ። ትንሹን ያነበበው ነው የሚሻልሽ።

ቮልቴጅ ለምን አስፈለገ ካልሽ፣ ያለ ቮልቴጅ ካፓሲታንሱ ወደ 70 ፒኮፋራድ ነው፤ 3 ቮልት ብቻ ስትሰጪው ወደ 25 ይወርዳል። ካፓሲታንስ ሲቀንስ የአምፕሊፋየሩ ኖይዝ አብሮ ይቀንሳል። ከፍ እያደረግሽ ስትሄጂ ግን ሊኬጁ ይጨምራል፤ እኔ ከ12 እስከ 18 ቮልት ላይ ነው የምሠራው።

የምትፈልጊው ምልክት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቢው። ሲሊከን ውስጥ አንድ ጥንድ ቻርጅ ለማውጣት 3.62 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። የአሜሪሲየሙ 59.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 16,400 ኤሌክትሮን ያወጣል፤ በአምፕሊፋየሩ 1 ፒኮፋራድ ፊድባክ ካፓሲተር ላይ 2.6 ሚሊቮልት መሆኑ ነው። ይህን ያለ ምንም ጨረር መፍጠር ትችያለሽ፦ በ1 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በኩል 2.6 ሚሊቮልት የስኩዌር ዌቭ እርከን ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላኪ። ያ ፐልስ ካልታየሽ አሜሪሲየሙም አይታይሽም፤ ችግሩ ሰርኪዩቱ ነው። ከታየሽ ደግሞ የፐልሱ ከፍታ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለኪ። 300 ኤሌክትሮን ኖይዝ ካለሽ በስፔክትረሙ ላይ በመስመሩ ከፍታ ግማሽ ላይ 2.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስፋት ይሆናል። ይህ ሲሳካልሽ 13.9 እና 17.8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያሉት የኔፕቱኒየም (አሜሪሲየሙ ሲፈርስ የሚሆነው) መስመሮች ተለያይተው ይታያሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው ሌሊቱን ሙሉ ከስክሪኑ አልተነሳሁም።

ትዕግሥት ያስፈልግሻል። ሲሊከኑ ስስ ስለሆነ፣ በ60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከመቶ ፎቶን አንድ ሁለቱ ቢያዙ ነው፤ ለሰዓታት ተይው። የሲዚየም 137ን የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት መስመርም በዚህ ዳዮድ አትጠብቂ። በዚህ ውፍረት የሚቀርልሽ የኮምፕተን መበተን (ፎቶኑ ጉልበቱን በከፊል ብቻ ትቶ የሚያልፍበት) ብቻ ነው።

አደራሽን፣ ምንጩን ከመያዣው አታውጪ፣ ፊቱን በጣትም በመሣሪያም አትንኪ። የአሜሪሲየም አልፋ ጨረር ቆዳን አያልፍም፤ ተፍቆ ከተተነፈሰ ወይም ከተዋጠ ግን አደገኛ ነው።

የአምስቱን ዳዮዶች ንባብ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እዚህ ጻፊልን፣ የትኛውን እንደምትይዢ አብረን እናያለን።