ሙቀት አሳዳጁ ሚሳይል አየር ላይ እንዴት ተፈተነ? ጥያቄና መልስ

ስለ ሳይድዋይንደር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ይህ ሚሳይል በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ቻይና ሌክ በሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሞከሪያ ጣቢያ፣ በፊዚክስ ባለሙያው ዊልያም ማክሊን መሪነት የተሠራ ነው። የተወሰኑትን ልመልስ።

ዓይኑ ሙቀት መለየቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ማረጋገጥ እየተቻለ፣ አውሮፕላን ላይ መስቀል ለምን አስፈለገ?

ላቦራቶሪ ውስጥ ሰማይ የለማ! የሚሳይሉ ዓይን ከሊድ ሰልፋይድ የተሠራች ትንሽ ሙቀት ጠቋሚ ናት። የጀት ጭስ ማውጫ ታያለች። ግን ፀሐይንም ታያለች፤ ፀሐይ ያረፈችበትን ደመናም እንዲሁ። ለመለያ እንዲሆን ከፊቷ ጨለማና ብርሃን አሳላፊ ክፍሎች ያሉት ዲስክ አለ። ዲስኩ ሲሽከረከር ከአንዲት ነጥብ የሚመጣው ሙቀት ይቆራረጣል፤ ከሰፊ ደመና የሚመጣው ግን ብዙም አይቆራረጥም። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። የደመናው ጠርዝ ደምቆ ሲያበራስ? ክንፉ ሲንቀጠቀጥስ? ከበረሃው ግለት ተነስቶ ብርድ ወዳለበት ከፍታ ሲወጣስ? ይህን የሚመልሰው በረራ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ሳይተኩሱ ክንፍ ሥር አስረው ያበሩት ነበር። ለእኔ የሳይድዋይንደር ስኬት ያለው እዚህ አድካሚ ሥራ ላይ ነው፤ የሚወራለት ግን ተኩሱ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ፓይለቱ ዓይኑ ዒላማውን መያዙን በምን ያውቃል?

በጆሮው። ዓይኑ ሙቀት ሲያገኝ ማዳመጫው ውስጥ ያጉረመርማል። ፀሐይ ላይም ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ፓይለቱ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ ልብ ማለት አለበት።

ሙከራው የተደረገው በጀት ነው?

በጀት ብቻ አይደለም። መስከረም 11 ቀን 1953 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን የተሳካ ተኩስ ያደረገው ስካይሬደር የተባለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ስፓሮው ለተባለው፣ በራዳር ለሚመራ ሌላ ሚሳይል ሙከራ ደግሞ ስካይናይት የሚባለውን የሌሊት ተዋጊ ጀት አሻሻሉት። ሁለቱ የበረራ ባልደረቦች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡበት ለሙከራ ይመቻል።

ዒላማው ውስጥ ሰው ነበር?

አልነበረም። በሬዲዮ የሚመራ ሄልካት የተባለ አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን ነበር።

በኦጋዴን ጦርነት የእኛ ፓይለቶች የተኮሱት ይህንኑ ነው?

አዎ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5ኢ ጀቶች የሶማሊያን ሚጎች የመቱት ሳይድዋይንደር ታጥቀው ነው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ከጠላት ኋላ መግባትን ይጠይቃሉ፤ ዓይናቸው የሚፈልገው የጋለውን ጭስ ማውጫ ነውና። ስለዚህ ድሉ የሚሳይሉ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ጀቱን ያደረሰው ፓይለቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚግ-21 መሣሪያ የነበረው የሶቪየት ኬ-13 ሚሳይልም ከሳይድዋይንደር የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የታይዋን ጀቶች ከተኮሷቸው አንዱ ሳይፈነዳ አንድ የቻይና ሚግ-17 ላይ ተሰክቶ ቀረ። ፓይለቱ ይዞት አረፈ። ሶቪየቶች ተረክበው ፈታቱት።