መሪው እየተንቀጠቀጠ ራንፍላት አትግዛ

ሜክሲኮ አካባቢ ከሚኖር አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ቢኤምደብሊው ዜድ 4 አለው፤ የ2006 ሞዴል፣ 3.0 ሞተር፣ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ። ሦስቱ ጎማዎች ራንፍላት ናቸው፤ ንፋሳቸው ቢያልቅም ለጥቂት መንገድ የሚነዱ ዓይነት። የፊት ቀኙ ግን አምና በኖርማል ጎማ ተቀይሯል። ክረምት ላይ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ወዲህ 90 አካባቢ ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፊት ግራው ጎማ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ንፋስ ይጨርሳል። አንድ ማታ ጭራሽ ተንፍሶበት ከቦሌ እስከ ቤቱ እንደዚያው ነድቶታል። ጎሚስታው «ሚስማር የለውም» እያለ ሦስቴ ሞልቶ ሸኝቶታል። አሁን «አራት አዲስ ራንፍላት ልግዛ ወይስ ወደ ኖርማሉ ልመለስ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዝ አድርገው። ምልክቶቹን አንድ ላይ ሳያቸው የጠረጠርኩት የፊት ግራውን ቸርኬ ነው። መሪ ሲንቀጠቀጥ ነገሩ ፊት ነው፤ ኋላ ቢሆን ወንበርህ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ችግሩ የመጣው ከጉድጓዱ በኋላ ነው። ሚስማር የለም፣ ንፋሱ ግን ቀስ እያለ ይወጣል። እንዲህ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ የውስጥ ጠርዝ ነው። የውጩ ጠርዝ እኮ እንደ አዲስ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ራንፍላት የጎን ግድግዳው ደረቅ ስለሆነ ምቱን አይውጥልህም፣ ለቸርኬው ያቀብለዋል። ያንተ ደግሞ 225/40 ነው፤ ስፋቱ 225 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው የዚያ 40 በመቶ። የግድግዳው ቁመት 9 ሳንቲም ብቻ ነው ማለት ነው።

ራስህ አረጋግጥ። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ መሪውን ጥግ ድረስ አዙርና የጎማውንና የቸርኬውን መገናኛ በውስጥ በኩል በኦሞ ውሃ ቀባው። ከዚያ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርገህ ድገመው፤ የተጣመመው ቦታ ታች መጥቶ ክብደት እንዲያርፍበት ነው። ክብደት ሲያርፍበት ብቻ የሚያስተነፍስ አለ። ጎሚስታው ፈቶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ምንም ያላየው ለዚያ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ፣ በክሪክ አንሳው፣ ሥሩ ስታንድ አኑር። ካቻቪቴ ከማይንቀሳቀስ ብረት ጋር አስደግፈህ ጫፉን ወደ ቸርኬው የውስጥ ጠርዝ አስጠጋና ጎማውን በእጅህ ቀስ ብለህ አሽከርክር። ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ቢለዋወጥ አልጨነቅም። 2 ወይም 3 ከሆነ ግን የፈለግከውን ያህል የባላንስ እርሳስ ብትደረድርበት አይድንም። ፕሬስ ያለው ሰው ጋ ወስደህ አስቃናው። በመዶሻ የሚያቃኑት ጋ አትሂድ። አሉሚኒየም በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ያወጣና ከወር በኋላ «ጎማው አሁንም ያስተነፍሳል» ተብሎ እኔ ጋ ይመጣል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ያለ ንፋስ የተነዳ ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሳይታይ ንፋስ አይሞላበትም። ሦስቴ ተሞላ ስትለኝ ደንግጫለሁ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ይሄን ማስረዳት ስለምወድ ትንሽ ታገሰኝ። መኪናህን የተሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ንፋሱ ነው። ከነሹፌሩ 1,400 ኪሎ ብንለው ለእያንዳንዱ ጎማ ወደ 350 ኪሎ ይደርሰዋል። 33 ፒኤስአይ ከሞላህ፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ወደ 150 ካሬ ሳንቲም ሲሆን ግፊቱና ክብደቱ ይመጣጠናል። ያችን ታህል መሬት ይዘህ ነው ኩርባ የምትቆርጠው። ንፋሱ ሲወጣ የኖርማል ጎማ ግድግዳ ይታጠፋል፣ ቸርኬው ላዩ ላይ ይቀመጥበታል፣ ብዙም ሳትሄድ ይቆራርጠዋል። ራንፍላት ግን ግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚችል ወፍራም ላስቲክ ስላለው ባዶውንም ቆሞ ይሸከማል።

ቆሞ ይሸከማል ማለት ግን አይታጠፍም ማለት አይደለም። ጎማህ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 80 ስትነዳ በደቂቃ ከ650 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ግድግዳው ታች ሲደርስ ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይቃናል። ሽቦ ወዲህ ወዲያ እያጣጠፍክ ሞክረህ ከሆነ መታጠፊያው እንዴት እንደሚግል ታውቃለህ። ይሄም እንደዚያው ነው። ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጡ ክር ያላቅቀዋል። ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ «ከ80 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከ80 ፍጥነት አትለፍ» የሚሉት ለዚህ ነው። ርቀቱ የአዳማን ፈጣን መንገድ ያህላል። እሱም ጥገና ቤት ድረስ ብቻ እንጂ ሳምንቱን ሙሉ ንዳበት አላሉም። እንዲህ የተነዳ ጎማ ሲፈታ ውስጡ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ይገኛል፣ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የተፋቀ መስመር ይታያል። ከውጭ ግን ምንም አይልህም። መልሰህ ስትሞላው የላላው ክር ሊበጠስና ጎማው ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ ፊቱን አስጠግቶ ያጎነበሰው ጎሚስታው ነው።

ስለዚህ የፊት ግራህን አስፈታው። ዱቄት ካለው አለቀ፤ መጣፊያም ሆነ ካላማዳሪያ አያድነውም። ራንፍላት ውስጥ ካላማዳሪያ የሚከቱ አሉ፤ በዚህ ላይ ብዙ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ላንተ ኖርማል ጎማ ይሻልሃል። ራንፍላት የሚጠቅመው ማታ፣ ሰው በሌለበት ረጅም መንገድ ላይ ነው። በየሳምንቱ ክፍለ ሀገር የምትወጣ ብትሆን ሌላ እልህ ነበር። አንተ ግን ውሎህ ከሜክሲኮ ልደታ፣ ከስታዲየም ቦሌ ነው፤ ጎሚስታ በየማዕዘኑ አለልህ። ለዚያ ብለህ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ጎማ ላይ ተቀምጠህ ቸርኬ ማስቃናት አያዋጣም። ያ መኪና ራሱ ራንፍላት ሲወጣለት ይለሰልሳል፤ ጎርበጥባጣ አስፋልት ላይ ኩርባ ስትይዝ መዝለሉን ይቀንሳል።

ቸርኬ የመቀየር አቅም ካለህ ደግሞ ወደ 17 ኢንች ውረድ። 225/45 አር17 ለዚህ መኪና ፋብሪካው ራሱ የሚገጥመው መጠን ነው። ግድግዳው ከ10 ሳንቲም በላይ ይሆንልሃል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ግን የሚለየው በሚሊሜትሮች ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዛባም። ስትገዛ 5 ቡሎን በ120 (ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 120 ሚሊሜትር)፣ የመሃል ቀዳዳው 72.6 ሚሊሜትር መሆኑን ለካ። ሶማሌ ተራ «ለሁሉም ይሆናል» እያሉ የሚሸጡት ርካሽ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በፕላስቲክ ቀለበት ያጠቡታል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደህና ቸርኬ እየጠፋ ነው፤ ብትቆይም ደህናውን ፈልግ።

ጎማው ላይ የተጻፈውን አራት ቁጥር ሳታይ አትክፈል። 3522 ካለ በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኤክስኤል የሚል ምልክት ያለበትን ምረጥ፤ ግድግዳው ጠንከር ይላል። ያገለገለ ራንፍላት ግን በነፃም ቢሰጡህ አትቀበል። ሻጩ ራሱ ያለ ንፋስ ተነድቶ እንደሆነ አያውቅም። ያለ ንፋስ የተነዳ ጎማ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ነግሬሃለሁ።

አንድ አክስል ላይ ራንፍላትና ኖርማል አትቀላቅል። የአሁኑ ፊትህ እንደዚያ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ደረቅ፣ ሌላው ለስላሳ። ዝናብ ላይ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ወዴት እንደሚጎትትህ አታውቅም። ባንዴ አራቱን መግዛት ካልቻልክ ቢያንስ ፊቱን ጥንድ አድርገህ ጀምር፤ የኋላውን ሳታቆይ አስከትል።

ዜድ 4 ስኮርታ የለውም፣ ማስቀመጫ ቦታም የለውም። ወደ ኖርማል ስትመለስ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ መጣፊያ፣ ክሪክና ለቡሎኖቹ የሚሆን መፍቻ ያዝ። ካስገጠምክ በኋላ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን አስተካክልና የጎማ መቆጣጠሪያውን ሪሴት አድርግ። ያንተ መኪና ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም፤ በኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሲስተም) በኩል የጎማዎቹን ፍጥነት እያወዳደረ ነው የሚያውቀው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ቡሎኖቹን ድጋሚ አጥብቅ።

የፊት ግራው ከተበላሸ ደግሞ ለጎሚስታው ትተህለት እንዳትሄድ። እዚያው ግድግዳውን በቢላ ሰንጥቀው። አለዚያ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ንፋስ ተሞልቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል።