ጥያቄና መልስ፦ ያረጀ ሪቨርብ ሲያስቸግር

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠሩ ዲጂታል ኢፌክቶች (እንደ ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፅን በትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋቡ መሣሪያዎች) ዛሬም በየቤቱና በየስቱዲዮው እንዳሉ ከሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ አየሁ። ደስ ይላል። ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ዋናው ቺፕ ሳይሆን ባትሪው፣ ፓወሩ ወይም መሰኪያው ነው። ስለዚህ «አይሠራም» ተብሎ ከመጣሉ በፊት እነዚህ ይታዩ።

«ያማሃ ኤስፒኤክስ 90 የሚባል የኢፌክት መሣሪያ አለኝ። አስተካክዬ ያስቀመጥኩት ሁሉ ባጠፋሁት ቁጥር ይሰረዛል። ድምፁም የታፈነ ነው። ሜሞሪው ተቃጥሎ ይሆን?» (ከአዳማ)

አይመስለኝም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ቦርዱ ላይ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ አለ፤ መሣሪያው ሲጠፋ የእርስዎን ፕሮግራሞች የሚይዘው እሱ ነው። ከፋብሪካ የመጡት 30 ፕሮግራሞች ግን ሮም (ያለ ባትሪ የሚይዝ ቋሚ ሜሞሪ) ላይ ስለሆኑ አይጠፉም። አሮጌው ባትሪ በስታኞ የተያያዘ ነው። ሠሪው አዲስ ባትሪ ላይ በቀጥታ ካውያ እንዳያሳርፍ አደራ፤ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። የባትሪ ማስቀመጫ ይግጠምልዎት። ከዚያ በኋላ ባትሪ መቀየር የእጅ ሥራ ብቻ ይሆናል። ባትሪያችሁ ገና ያልሞተባችሁ ደግሞ የፕሮግራሞቻችሁን ቁጥሮች ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሱ።

የድምፁ መታፈን ግን ብልሽት አይደለም። ይህ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ የወጣ መሣሪያ ከድምፁ በሰከንድ 31,250 ናሙና ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ኢፌክቱ ከ12 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያሳልፍም። ብዙ ሰው የሚወደውም ያንኑ ለስላሳ ድምፅ ነው። «ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ቀይሬ አጠራልሃለሁ» የሚል ከመጣ ገንዘብዎን አይስጡ።

«አሌሲስ ሚዲቨርብ የሚባል ሪቨርብ ያለ አዳፕተር ገዛሁ። ቤት ያገኘሁትን የ9 ቮልት ሰካሁበት። ድምፅ ግን የለም።» (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ቶሎ ንቀለው! ሚዲቨርብ የሚፈልገው 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኮረንቲ) ነው። በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው አዳፕተር ዲሲ (ቀጥታ ኮረንቲ) ነው፤ ሶኬቱ ልክ ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የድምፁ ክፍል ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ቮልቴጅ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱንም የሚያወጣው ከኤሲው ነው። አዳፕተሩ ላይ «አውትፑት» የሚለውን አንብብ፤ ከቁጥሩ አጠገብ የሞገድ ምልክት ካለ ኤሲ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ከሥሩ ነጠብጣብ ካለው ዲሲ ነው። አምፔሩም መሣሪያው ከሚጠይቀው አይነስ። በትክክለኛው አዳፕተር ድምፁ መጥቶ እምምም የሚል ጉርምርምታ ካለው፣ ያኔ የፓወሩ ካፓሲተሮች ደርቀው ሊሆን ስለሚችል መቀየራቸው ተገቢ ነው።

«ከሜሪላንድ ለወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ የሚደግም መሣሪያ) ልልክ ነው። የኤሌክትሪኩ ነገርስ?» (ከሜሪላንድ)

ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ እንዲሁ አይሰካም። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብረሽ ላኪለት፤ ዋቱ መሣሪያው ላይ ከተጻፈው በደንብ ይብለጥ። ትራንስፎርመሩ ላይ ማስታወሻ ለጥፊበት፤ ሌላ ሰው ዲሌዩን ከትራንስፎርመሩ ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ቢሰካው ያቃጥለዋል።

«ሳጸዳ አንድ ቺፕ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። ልላጠው?» (ከሐዋሳ)

በፍጹም። ከሥሩ ትንሽ የመስታወት መስኮት ሊኖር ይችላል። ቺፑ ኢፕሮም ይባላል፤ የመሣሪያው ፕሮግራም ያለው እዚያ ነው፣ የሚሰረዘውም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ፀሐይ ላይ ከቆየ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ወረቀቱ ከተነሳ ብርሃን በማያሳልፍ ቴፕ ሸፍነው።