መርከቡ በድንገት ቢሰጥም ያለንበትን ማን ያውቃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ባሕር ዳር ሥልጠናዬን ጨርሼ በኤሌክትሮ ቴክኒካል ሠልጣኝነት መርከብ ልሳፈር ነው። በሬዲዮ ለመጣራት እንኳ ጊዜ ሳይኖር መርከቡ ቢሰጥም ያለንበትን ማን ያውቃል?» ብለሃል። በዚሁ ሙያ ዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ጊዜ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ብሪጅ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ላይ ያለው ቪኤችኤፍ የተባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለው። ክዳኑን ከፍተህ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነህ ትይዘዋለህ። የመርከቡ መለያ ቁጥርና ያለበት ቦታ በቻናል 70 ይወጣል፤ በአቅራቢያ ያሉ መርከቦች ላይ አላርም ይጮሃል። ከዚያ በቻናል 16 ሦስት ጊዜ «ሜይዴይ» (የአደጋ ጥሪ ነው) ብላችሁ በድምፅ ታስረዳላችሁ። ቪኤችኤፍ ሩቅ ስለማይሄድ ውቅያኖስ መሃል ሳተላይት ወይም ኤችኤፍ የተባለው ሩቅ የሚሄድ ሬዲዮ ይጨመራል።

አንተን ያስጨነቀህ ግን ጊዜ የሌለው ነው። ለእሱ ኢፐርብ፣ ማለትም በራሱ የአደጋ ምልክት ወደ ሳተላይት የሚልክ መሣሪያ አለልህ። ከላይ ሰማይ ብቻ በሚታይበት ቦታ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። መርከቡ ሲሰጥም ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ የውሃው ግፊት ሃይድሮስታቲክ ሪሊዙን (በውሃ ግፊት የሚሠራውን መፍቻ) ያስነሳዋል። ውስጡ ያለው ስለት ማያዣውን ይቆርጣል፣ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ኢፐርቡ ተንሳፍፎ ይወጣል፣ ውሃው ራሱ ያበራዋል። ከዚያ በ406 ሜጋኸርዝ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ወደ ሳተላይት ይልካል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ምልክት መድረሱና ቦታ መታወቁ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015 ኤል ፋሮ የተባለ የአሜሪካ ጭነት መርከብ ባሃማስ አጠገብ በሃሪኬን ዋኪን ሰጥሞ 33ቱም ሰዎች አለቁ። ኢፐርቡ ሠርቷል። ግን ጂፒኤስ አልነበረውም፤ ምልክቱን የሰማው ሳተላይትም ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ስለነበር ቦታውን ማስላት አልቻለም። ስለዚህ መርከብህ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው ኢፐርቡ ጂፒኤስ እንዳለው ይሁን። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ የሚገጠሙት ሁሉ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ አሮጌዎቹ ግን አሁንም አሉ።

ቀጥሎ ገመዱን እይ። አንድ መርከብ ላይ የኢፐርቡ ቀጭን ገመድ ከመርከቡ የጠርዝ አጥር ጋር ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ አገኘሁ። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ነው አሉኝ። እንደዚያ ከታሰረ መርከቡ ይዞት ይሰምጣል! ገመዱ ባሕር ላይ ከላይፍ ራፍቱ (ከነፍስ አድን ታንኳው) ጋር ልታስረው ነው የተሠራው። ሪሊዙም የሚያገለግልበት ቀን ተጽፎበታል፤ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፣ ካለፈ ይቀየራል። መርከቡ ባንዲራ ቀይሮ ከሆነ ደግሞ ኢፐርቡ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር አብሮ መቀየሩን አረጋግጥ። ካልተቀየረ አዳኞቹ የሌላ አገር ቢሮ ሲያጣሩ ሰዓት ይበላል።

ሳተላይቱ አዳኞችን እናንተ አካባቢ ካደረሰ በኋላ ራፍቷን ማግኘት ሌላ ፈተና ነው። በማዕበል ውስጥ ብርቱካናማ ጣራ እንኳ አይታይም። ያን ጊዜ ሳርት የተባለው ለራዳር መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ይሠራል። የአዳኙ መርከብ ራዳር ሲነካው መልስ ይሰጣል፤ ራዳሩ ላይም 12 ነጥቦች በመስመር ይወጣሉ። ሲቀርቡ ነጥቦቹ ወደ ቅስት፣ በጣም ሲጠጉ ወደ ክብ ይለወጣሉ። ራፍት ወለል ላይ ጥለኸው እንዳትቀመጥ። ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ በዘንጉ ስቀለው፤ ከፍታው ሲቀንስ የሚታይበት ርቀትም ያጥራል።

እየፈተሽክ ሳለ ኢፐርቡ በስህተት ቢበራ አጥፍተህ ዝም እንዳትል። ወዲያው ለተረኛው ኦፊሰር ንገረው፤ እሱ ለነፍስ አድን ማዕከሉ አሳውቆ ያሰርዘዋል። ዝም ካልክ አውሮፕላንና መርከብ ለከንቱ ይወጣሉ፤ በዚያው ሰዓት በእውነት የሚሰጥም ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሌላ ግልጽ ያልሆነልህ ካለ እዚሁ ጻፍልኝ።